ስለ አዲስ ቤት ስውር ጉድለት

ሰው በዕድሜው ከሚደክምባቸው ነገሮች ሁሉ ገንዘቡንም፥ ጊዜውንም፥ ተስፋውንም ባንድነት የሚያፈስበት እንደ ቤት ያለ የለም። ልብስ ቢጠብ ይሰፋል፤ ዕቃ ቢሰበር ይለወጣል፤ ቤት ግን አንድ ጊዜ ከቆመ በኋላ ክፋቱም ደግነቱም ከልጆቻችን ጋራ አብሮን ይኖራል። ስለዚህ ዛሬ በቤተ ሰብ ገጻችን አዲስ ቤት ለሚያሠሩና ተሠርቶ ያለቀውን ለሚገዙ ወገኖቻችን ጥቂት ቃል ልንናገር ወደድን።

ብዙ ሰው ጉድለት የሚገኘው በአሮጌ ቤት ብቻ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። አሮጌ ቤት በስንት ክረምት የተፈተነ ስለ ሆነ ሕመሙን በግልጽ ያሳያል፤ የጣራው ማፍሰስና የግድግዳው መዝመም ከገዢው ዓይን አይሰወርም። አዲሱ ቤት ግን አንድ ክረምት እንኳ ሳይዘንብበት በልስንና በቀለም አምሮ ይቀርባልና፥ ጉድለቱ የሚገለጠው ባለቤቱ ከነዕቃው ገብቶ፥ የመጨረሻውን ገንዘብ ከፍሎ፥ ሠሪውም መሣሪያውን ሰብስቦ ከሄደ በኋላ ነው።

ይህንን የምንናገረው ከሰው ሰምተን ብቻ አይደለም። በራሳችን ቤት ደርሶብናልና፥ ለሌላው ትምህርት ይሆን ዘንድ የሆነውን ሳንደብቅ እንጽፋለን።

የኛ ቤት ነገር

የዛሬ ጥቂት ዓመት በአዲስ አበባ ከተማ በምሥራቅ በኩል ቤት አሠራን። መሠረቱ ከመቆፈሩ በፊት አንድ ወዳጃችን፥ «አፈሩን አስመርምሩ» ብሎ መክሮን ነበር። እኛ ግን፥ «ጎረቤታችን ሳያስመረምር ሠርቶ ይኖር የለምን» ብለን ለምርመራው የሚወጣውን ገንዘብ ለመጋረጃና ለወለል ንጣፍ አዋልነው። ሥራው በጥቅምት ተጀመረ። ሠሪው ክረምት ሳይገባ ለማስረከብ ይቸኩል ነበር፤ እኛም በመቸኮሉ ደስ ይለን ነበር። በሰኔ መጀመሪያ ገባን።

የመጀመሪያው ክረምት በደኅና አለፈ። በበጋው ግን፥ በመጋቢት ግድም፥ እናታችን የሚተኙበት ክፍል በር አልዘጋ አለ። አናጢ ጠርተን አስላግነው። ሁለት ሳምንት ሳይቆይ ከመስኮቱ ማዕዘን የተነሣ፥ እንደ ደረጃ እየተሰበረ ወደ ወለሉ የሚወርድ ስንጥቅ በግድግዳው ላይ ታየ። ለሠሪው ብንነግረው አንድ ሠራተኛ ልኮ ስንጥቁን በጀሶ አስደፈነና ቀለም አስቀባበት። «ልስን ሲደርቅ እንዲህ ያደርጋል፤ አያስቡ» አለን። እኛም ከመጠየቅ ይልቅ ማመን ስለ ቀለለን አመንን።

በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ወራት ስንጥቁ በዚያው መንገድ፥ ነገር ግን ከቀድሞው ሰፍቶ ተመለሰ። ትንሹ ልጃችን የአንድ ብር ሳንቲም በውስጡ ከትቶ አሳየን። እናታችንም ይህንን አይተው፥ «ልጄ፥ ቤቱ አፉን ከፍቶ ሲነግራችሁ አፉን ደፈናችሁበት እንጂ የሚለውን መች ሰማችሁት» አሉን። ይህ ቃል ከሠሪው ማጽናኛ ይልቅ ልባችንን ነካው።

ከዚህ በኋላ በዕድሜ የገፉ አንድ መሐንዲስ አማከርን። እሳቸውም ስንጥቁን ከማየታቸው በፊት በቤቱ ዙሪያ ዞሩ፤ ከአሸንዳው የሚወርደው ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ጠየቁ፤ ከዚያም በተሰነጠቀው ግድግዳ ማዕዘን አጠገብ ጉድጓድ አስቆፈሩ። የወጣው አፈር ጥቁር፥ ሲረጥብ እንደ ሊጥ የሚጣበቅ፥ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ የሚጠና ነበር። መሠረታችን በዚህ አፈር ላይ ዐርፎ ተገኘ። የአሸንዳው ቱቦም የጣራውን ውሃ ሁሉ የሚያፈሰው በዚያው ማዕዘን ሥር ነበር። መሐንዲሱም፥ «የታመመው ግድግዳው አይደለም፤ እግሩ ነው። ፊቱን ብትቀቡት እግሩ አይድንም» አሉን።

ስለ ጥቁሩ አፈር

ገበሬ መረሬ ወይም ዋልካ የሚለው ይህ ጥቁር አፈር ለጤፍና ለሽምብራ የተመቸ ነው። ለግንበኛ ግን ባላጋራ ነው። በውስጡ ያለው ደቃቅ ሸክላ ውሃ ሲያገኝ በገጽና በገጹ መካከል እየመጠጠ ያብጣል፤ ውሃው ሲለየው ደግሞ ይሟሽሻል። በበጋ በእርሻ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የምናየው ስለዚህ ነው። በአዲስ አበባም በደቡብና በምሥራቅ በኩል በሚገኙት ሜዳማ ሰፈሮች፥ ይልቁንም በቦሌና በአቃቂ አቅጣጫ፥ ይህ አፈር በብዙ ስፍራ ይገኛል።

ቤት የሚጎዳው አፈሩ በማበጡ ብቻ ሳይሆን እኩል ባለማበጡ ነው። ከቤቱ መካከል ሥር ያለው አፈር በወለሉ ስለ ተሸፈነ ዝናብም ፀሐይም እንደ ልብ አያገኘውም። የዳር ዳሩ አፈር ግን በክረምት ይረጥባል፤ በበጋ ይደርቃል። ስለዚህ የቤቱ ማዕዘን በዓመት በዓመቱ ከፍ ዝቅ ሲል መካከሉ በቦታው ይቀራል። ድንጋይና ብሎኬት ደግሞ እንደ እንጨት መተጣጠፍ አያውቅምና፥ ከደካማው ስፍራ፥ ማለት ከመስኮትና ከበር ማዕዘን ጀምሮ ይሰነጠቃል።

የዚህ መድኃኒቱ ከሥራው በፊት ቀላል፥ ከሥራው በኋላ ግን ከባድ ነው። ከሥራው በፊት የሆነ እንደ ሆነ አፈሩን በባለሙያ አስመርምሮ፥ ጥቁሩን አፈር አስወጥቶ፥ በምትኩ ሠራተኞች ሰሌክት የሚሉትን የማያብጥ አፈር በየንብርብሩ እየጠቀጠቁ መሙላት፥ ወይም መሠረቱን ከጠንካራው መሬት እስኪደርስ ማጥለቅ ነው። ቤቱ ካለቀ በኋላም ውሃ ወደ መሠረቱ እንዳይቀርብ በዙሪያው ወደ ውጭ ያዘነበለ የሲሚንቶ ንጣፍ ማድረግ፥ የአሸንዳውን ውሃ በቱቦ ከቤቱ ማራቅ፥ ባሕር ዛፍንም ከግድግዳ አጠገብ አለመትከል ያስፈልጋል። ባሕር ዛፍ ከአፈሩ ብዙ ውሃ ስለሚስብ ጥቁሩን አፈር በአንድ ወገን ያደርቀዋልና።

ስለ አርማታ

ሁለተኛው ስውር ጉድለት የሚገኘው በአርማታው ነው። አርማታ የሚጠነክረው ሲሚንቶው ከውሃ ጋራ ተዋሕዶ ነው እንጂ ጭቃ እንደሚደርቅ በመድረቅ አይደለም። ስለዚህ ሁለት ተቃራኒ የሚመስሉ ሕጎች አሉበት፤ ሲቦካ ውሃው እንዳይበዛ፥ ከፈሰሰ በኋላ ግን ውሃ እንዳይጓደል።

አሜሪካዊው ዳፍ አብራምስ በ1918 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በጥናቱ እንዳሳየው፥ ለሲሚንቶው የሚጨመረው ውሃ በበዛ ቍጥር የአርማታው ጕልበት ይቀንሳል። እንደ ጥቅል መለኪያ ለአንድ ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ 25 ሊትር ያህል ውሃ ይበቃል ይባላል። ሠራተኛ ግን ቀጭን ሆኖ የሚፈስ አርማታ ለማገላበጥ ስለሚቀለው፥ የሚቆጣጠር ከሌለ በባልዲ ላይ ባልዲ ይጨምርበታል። ያ የተረፈ ውሃ በኋላ ሲተን በአርማታው ውስጥ የማይታዩ ቀዳዳዎች ትቶ ይሄዳል። በተፈሰሰ ማግሥት ደግሞ ቢያንስ ለ7 ቀን ያህል ውሃ እያጠጡ ወይም በእርጥብ ጆንያ ሸፍነው ሊያቆዩት ይገባል። የአርማታ ጕልበት የሚለካው በ28ኛው ቀን መሆኑን የሚያውቅ ሰው፥ ድጋፉን በጥቂት ቀን ውስጥ ነቅሎ ፎቅ ለመጫን አይቸኩልም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ለዚህም ይሆናል።

አሸዋውንም ማንኛውም ባለቤት በራሱ ሊፈትነው ይችላል። በጠርሙስ እስከ እኩሌታ አሸዋ አድርጎ፥ ውሃ ሞልቶ፥ ጥቂት ጨው ጨምሮ በኃይል በጥብጦ ያስቀምጠው። አሸዋው ከታች፥ አፈሩ ከላይ ተለይተው ይቀመጣሉ። በአገራችን የደረጃ መለኪያ አፈሩ ከመቶ 6 እጅ ከበለጠ አሸዋው መታጠብ ወይም መመለስ አለበት። አፈር የበዛበት አሸዋ ከሲሚንቶው ጋራ እንደሚገባ አይያያዝም።

የብረቱም ነገር እንዲሁ ነው። ሠራተኞች ፌሮ የሚሉት ብረት በበቂ አርማታ ካልተሸፈነ እርጥበት ያገኘዋል፤ ይዝጋል፤ ዝገትም ከብረቱ የበለጠ ስፍራ ስለሚይዝ አርማታውን ከውስጥ እየገፋ ይፈነክተዋል። በአዲስ ቤት ምሰሶ ወይም ጣራ ላይ ብረቱ በግልጽ የሚታይ ከሆነ፥ ይህ በልስን የሚሸፈን ነውር ሳይሆን ለመሐንዲስ የሚነገር ሕመም ነው።

ስለ ውሃና ስለ ጋራ ቤት

ቤትን ቀስ ብሎ የሚያጠፋው ውሃ ነው። የመታጠቢያ ቤት ወለል ውሃ የማያሳልፍ ልባስ ሳይደረግለት ሸክላ ከተነጠፈበት፥ ውሃው በሸክላው መጋጠሚያ ገብቶ በታችኛው ቤት ጣራ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ቤት የሚረከብ ሰው ሸክላው ከመነጠፉ በፊት የውሃውን መውረጃ ደፍኖ፥ ወለሉን ውሃ ሞልቶ፥ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት አቆይቶ ከሥር ቢመለከት ስንት ጠብ ያድናል። ጣራውንም በበጋ የሚረከብ ሰው በውሃ ቱቦ አስረጭቶ ይየው። በሕፃናት መኝታ ግድግዳ ላይ የሚወጣው ጥቁር ሻጋታም ሳልና የመተንፈስ ችግር ሊያስከትል ስለሚችል ማፅዳት ብቻውን አይበቃም፤ የእርጥበቱን ምንጭ መፈለግ ይገባል።

በአዲስ አበባ በ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ከተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሥራ ወዲህ፥ እጅግ ብዙ ቤተ ሰብ ዕጣ ደርሶት በፎቅ ላይ መኖር ጀምሯል። በዚህ ዓይነት ቤት ጉድለት የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። በላይኛው ቤት የሚያፈስ ቱቦ የታችኛውን ጎረቤት ጣራ ያበላሻል፤ ምሰሶውም፥ ደረጃውም፥ ጣራውም የሁሉ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቍጥር 370 የግሉን ከጋራው ለይቶ፥ ባለቤቶች በማኅበር እንዲተዳደሩ ያደረገው ስለዚህ ነው። ስለዚህ ሳሎን ለማስፋት ብሎ ያለ ባለሙያ ምክር ግድግዳ የሚያፈርስ ሰው፥ የራሱን ቤት አሳመርሁ ሲል የጎረቤቶቹን ሕይወት አደጋ ላይ መጣሉን ይወቅ።

ይህ ማስጠንቀቂያ ለማስፈራራት የተነገረ አይደለም። አገራችን በስምጥ ሸለቆ ላይ ያለች ናት። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተደጋገመው መንቀጥቀጥ ደግሞ፥ በአዲስ አበባ በፎቅ ላይ የሚኖሩ ብዙ ሰዎች በሌሊት እየደነገጡ ወደ ውጭ ወርደዋል። መሬት ስትንቀጠቀጥ በሰላም ጊዜ የተሸፈነው ጉድለት ሁሉ ይገለጣል።

ስንጥቅን ስለ መለየት

ስንጥቅ ሁሉ ግን አያስደነግጥም። እንደ ጠጕር የቀጠነ፥ ስፋቱ ከ1 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ፥ በልስኑ ላይ ብቻ ያለ ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ ከልስኑ መድረቅ የሚመጣ ነው። በእንግሊዝ አገር የሕንፃ ምርምር ተቋም ባወጣው መለኪያ፥ እስከ 5 ሚሊ ሜትር ያለው ቀላል፥ ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ያለው መካከለኛ፥ ከዚያ በላይ ያለው ከባድ ጉዳት ነው። ይሁን እንጂ ከስፋቱ ይልቅ አካሄዱን ማስተዋል ይሻላል። በግድግዳው ወዲህና ወዲያ የሚታይ፥ እንደ ደረጃ የሚወርድ፥ በርና መስኮት እንዳይዘጋ የሚያደርግ፥ በየወሩም የሚያድግ ስንጥቅ የመሠረትን ሕመም ያመለክታል።

ማደጉን ለማወቅ ብዙ ወጪ አያስፈልግም። በስንጥቁ ጫፍና ጫፍ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጎ ቀኑን መጻፍ፥ ስፋቱንም በየወሩ እየለኩ በደብተር መመዝገብ ነው። አንድ ክረምትና አንድ በጋ የተመዘገበ ደብተር ለመሐንዲስም ለዳኛም ከብዙ ንግግር ይልቅ ይረዳል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ቀለም መቀባትም መደበቅ ነው።

ሕጉ ምን ይላል

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 3039፥ ቤት የሠራ ተቋራጭ ሥራውን ካስረከበበት ቀን ጀምሮ እስከ 10 ዓመት ድረስ ለሥራው ደኅንነትና ጥንካሬ ዋስ መሆኑን ይደነግጋል። ጉዳቱ የመጣው ከአሠራሩ ጉድለት ብቻ ሳይሆን ከመሬቱ ጠባይ የተነሣም ቢሆን ኀላፊነቱ አይቀርለትም። ብዙ ሰው ይህንን ባለማወቁ፥ «ቁልፉን ከተረከብሁ በኋላ ምን መብት አለኝ» እያለ በራሱ ኪሳራ ዝም ይላል። ስለዚህ ውሉን በጽሑፍ ማድረግ፥ በርክክብ ቀን የታየውን ጉድለት ሁሉ ዘርዝሮ ማስፈረም፥ ደረሰኝና ፕላን በአንድ መዝገብ ማኖር፥ የክፍያውንም ጥቂት እጅ እስከ መጨረሻው ማቆየት የብልኅ ባለቤት ሥራ ነው። ተሠርቶ ያለቀ ቤት የሚገዛ ሰው ግን የሽያጭ ውል የራሱ ደንብ ስላለው ከመፈረሙ በፊት ጠበቃ ያማክር።

ሁለት ምክሮች

አሁን ወደ ቤታችን ነገር እንመለስ። መሐንዲሱ በሄዱ ሰሞን አንድ ደላላ ስንጥቁን ሰምቶ መጣ። «ጀሶ አስመትተው፥ ቀለም አስቀብተው በመስከረም ይሽጡት። በመስከረም ግድግዳው ይገጥማል፤ ገዢ አያየውም። እርስዎም የተሻለ ይገዛሉ» አለን። ነገሩ እውነት ነበር፤ ክረምቱ አፈሩን ሲያሳብጠው ስንጥቁ ይጠብባል። የማዳኛው ወጪ ከባድ ነበር፤ ያጠራቀምነውም ገንዘብ በቤቱ አልቆ ነበርና፥ ያን ሌሊት ምክሩን ሳናመዛዝን አላደርንም ብንል እንዋሻለን።

በማግሥቱ ባለቤታችን አንድ ቃል ብቻ ተናገረች። «እናታችንን ከዚያ ክፍል አውጥተን ወደ ሳሎን ያዛወርናቸው ለምንድር ነው? ነገ የሚገዛን ሰው እናቱን የሚያስተኛቸው እዚያው ነው» አለች። ከዚህ በኋላ ደላላውን አላነጋገርነውም።

ከሠሪው ጋር በሽማግሌ ተቀመጥን። በመጀመሪያ፥ «እኔ አስረክቤ ወጥቻለሁ» አለ። ሕጉንና ደብተሩን ባሳየነው ጊዜ ግን ቃሉን አለዘበ። እኛም የአፈሩን ምርመራ መተዋችንን በሽማግሌዎቹ ፊት አልካድንም። በመጨረሻም ወጪውን እኩል ለእኩል ለመክፈል ተስማማን። አስቀድሞ የአሸንዳው ውሃ ከቤቱ እንዲርቅ ተደረገ፤ በቤቱ ዙሪያ ንጣፍ ተነጠፈ፤ ከዚያም የታመመው ማዕዘን መሠረት በየክፍሉ እየተቆፈረ እስከ ጠንካራው መሬት በአርማታ ተደገፈ። ግድግዳውን ግን መሐንዲሱ አንድ ሙሉ ዓመት እንዳንነካው አዘዙን። ደብተሩን በየወሩ ጻፍን። መጋቢት መጣ፤ ልኩ አልተለወጠም። ሚያዝያም አለፈ፤ እንዲሁ ሆነ። በዚያን ጊዜ እናታችን ወደ ክፍላቸው ተመለሱ።

ግድግዳው ዛሬ ተለስኖ ተቀብቷል። በመስኮቱ ማዕዘን ያለችውን የመጀመሪያዋን የእርሳስ ምልክት ግን ከነቀኗ ሳትቀባ እንድትቀር ያዘዙት እናታችን ናቸው። እንግዳ ሲጠይቃቸው፥ «ቤቱ የተናገረበት ቦታ ነው» ይላሉ።

አንባብያን ሆይ፥ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ቤት የምትሠሩ ሁሉ ለሚታየው ጌጥ ከምታወጡት ገንዘብ አስቀድሞ ለማይታየው መሠረት አውጡ። ቤታችሁም ሲናገር ሳይመሽባችሁ ስሙት። ጉድለት ያለበትንም ቤት፥ ጉድለቱን ሸፍናችሁ ለሌላ ቤተ ሰብ አታስተላልፉ።